ጣፊያ፣ እጢና ጠባሳ፤ በጐንደርና በአካባቢው የሆድ እብጠት አጭር ታሪክ

ወደ ፒያሳ በሚወጣው መንገድ ዳር በጧት ለጥቂት ጊዜ የቆመ ሰው ከደንቢያ፣ ከጭልጋና ከአርማጭሆ የመጡ በሽተኞችን ሳያይ አይቀርም። ጋቢያቸውን ሆዳቸው ላይ ጠቅልለው፣ በወንድም ወይም በልጅ ተደግፈው፣ ወደ ሆስፒታል የሚወስደውን መንገድ ይጠይቃሉ። ሕመማቸውን ቢጠየቁ መልሳቸው ከሦስት ቃል አይወጣም፤ «ጣፊያ ነው» ይላሉ፤ «እጢ ነው» ይላሉ፤ አለዚያም «ሆዴ ተነፋ» ብለው ዝም ይላሉ። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር ያሰብነው የነዚህን ቃላት ታሪክ ነው። ከቃሉ ሥር ያለው በሽታ ምን እንደሆነ፣ ማን መቼ እንዳወቀው፣ ባለማወቅም ምን እንደጠፋ ለማሳየት እንሞክራለን።

ነገሩ ለእኛ ከመጽሐፍ የመጣ ብቻ አይደለም። አጎታችን የደንቢያ ገበሬ ናቸው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሆዳቸው በግራ በኩል፣ ከጎድን አጥንት በታች፣ እንደ ድንጋይ ጠጠረባቸው። መጀመሪያ በጋለ ብረት ሰባት ቦታ ተተኮሱ። አልሻላቸው ሲል አንድ በሬያቸውን ሸጠው ወደ ሌላ ከተማ ሄዱ፤ በዚያም ስሙን በማናነሣው አንድ ክሊኒክ «ነቀርሳ ነው፤ ወደ ቤትዎ ይግቡ» ተባሉ። እሳቸውም ቤታቸው ገብተው ንስሐ አባታቸውን አስጠርተው ተናዘዙ። ከሁለት ዓመት በኋላ ደም ሲያስታውኩ ዘመድ ተሸክሞ ጐንደር ባደረሳቸው ጊዜ ግን ነቀርሳ እንዳልነበረ ታወቀ። ምን እንደነበረ በቦታው እንናገራለን። እዚህ ያነሣነው አንባቢ ስለ ቃላት አመራረጥ የምንጨነቀው ለምን እንደሆነ እንዲረዳልን ነው።

ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር አድርገነዋል፤ የምንጠቅሳቸው የውጭ አገር ሰዎች ሥራ ከእኛ አገር ነገር ጋር እንዲነጻጸር ይቀላልና።

ጣፊያ በግራ ጎን ከጎድን አጥንት ሥር የተሸሸገ፣ በጤነኛ ሰው ላይ በእጅ የማይዳሰስ የሰውነት ክፍል ነው። ሥራውም ያረጀውን ደም ማጣራትና በደም ውስጥ የገባውን ባዕድ ነገር መዋጋት ነው። በአገራችን አነጋገር ግን «ጣፊያ» የአካሉ ስም ብቻ ሳይሆን የበሽታውም ስም ነው፤ «ጣፊያ ይዞታል» ይባላል። ይህ አነጋገር ስለ ደንቢያ ሰው አንድ ነገር ያስረዳናል። ሐኪም ሳይነግረው፣ መጽሐፍ ሳይመለከት፣ የቈላው ንዳድ ተመላልሶ የያዘው ሰው በግራ ጎኑ እንደሚጠጥር በእጁ ዳስሶ ያውቅ ነበር ማለት ነው። መድኃኒቱም በዚያው በጎኑ ላይ ይፈለግ ነበር፤ ብረት አግሎ መተኰስ፣ በዋግምት ደም ማውጣት። ዛሬም በጐንደር ሆስፒታል አልጋ ላይ ከተኙት የቈላ ሰዎች በብዙዎቹ ሆድ ላይ የትኩሱ ምልክት በመስመር ተደርድሮ ይታያል። ትኩሱ ጣፊያውን እንደማይመልስ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ አባቶቻችን ቦታውን አልሳቱም፤ የሳቱት ምክንያቱን ነው። በዚህ የሚስቅ ተማሪ ቢኖር፣ ምክንያቱን ለማወቅ የአውሮፓም ሊቃውንት እስከ 19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ድረስ እንደቆዩ ልናስታውሰው እንወዳለን።

ወደ ጐንደር ነገሥታት የመጡት የውጭ አገር ሐኪሞች በዚህ ነገር ላይ ብዙ አልረዱም። ፈረንሳዊው ሻርል ፖንሴ በ1699 የመጣው ቀዳማዊ ኢያሱን ከቆዳ ሕመም ለማከም ነበር። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 ሲገባ የቤተ መንግሥቱን ሰዎች ፈንጣጣ ይዟቸው ስላገኘ በእቴጌ ምንትዋብ ዘንድ መወደድን ያተረፈው እነሱን በማስታመሙ ነው። ብሩስ ግን ከፖንሴ ይልቅ ተመልካች ሰው ነበር፤ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ስለ ቈላው በሽታ ሲጽፍ «ንዳድ» የሚለውን የአገራችንን ቃል ሳይለውጥ አስገብቶታል። ዝናብ ካቆመ በኋላ ቈላውን የሚያጠፋው ትኩሳት ለእሱም እንግዳ አልሆነበትም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ጐንደር ስለ ጣፊያ በዘመናዊ መንገድ መማር የጀመረችው ከታላቅ ጥፋት በኋላ ነው። በ1953 በደንቢያ ሜዳ ላይ ወባ በወረርሽኝ ተነሥቶ ወደ 7,000 የሚሆን ሕዝብ ፈጀ። መንግሥት ከዓለም የጤና ድርጅት፣ ከዩኒሴፍና ከአሜሪካን ርዳታ ጋር ተባብሮ በ1954 በጐንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ጣቢያ ሲያቋቁም፣ ቦታው እንዲመረጥ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ይኸው ወረርሽኝ ነበር። ከተማዋ ጣልያኖች ከ1936 እስከ 1941 በቆዩበት ጊዜ ከሠሯቸው ሕንፃዎች በቀር ለዚህ ሥራ የሚሆን ብዙ ነገር አልነበራትም። ኮሌጁ ሐኪም ሳይሆን ጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና ሳኒታሪያን አሠለጠነ። ሦስቱም በአንድነት ወደ ገጠር ይወርዱ ነበር፤ የቈላ ድባ ጤና ጣቢያም የልምምድ ቦታቸው ሆነ።

እነዚህ ተማሪዎች በደንቢያ መንደሮች ከተማሩት ሁሉ ለጽሑፋችን የሚጠቅመው ትምህርት በጣም ቀላል ይመስላል፤ ልጆችን አሰልፎ ሆዳቸውን መዳሰስ። ይህ ዘዴ የመጣው ከሕንድ አገር ነው። በ1848 ዴምፕስተር የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም በፑንጃብ ወንዝና ቦይ ዳር ያሉ ልጆችን ጣፊያ እየዳሰሰ፣ ከመቶው ልጅ የስንቱ እንዳበጠ በመቁጠር ወባ የበዛበትን መንደር ካልበዛበት ለየ። በኋላም በ1944 ሐኬት የጣፊያውን መጠን ከዜሮ እስከ አምስት በደረጃ መደበው፤ ዜሮ የማይዳሰሰው፣ አምስት ደግሞ ከእምብርት አልፎ እጅግ ወደ ታች የወረደው ነው። የልጅ ሆድ የመንደሩ መዝገብ ሆነ ማለት ነው። በደንቢያም በ1950ዎቹ የዲዲቲ ርጭት ሲሞከር፣ ይኸው መዝገብ ተነቧል። ከዚያ በኋላ በ1958 የመጣው ወባ በመላ አገሪቱ ሦስት ሚሊዮን ሰው ይዞ 150,000 ያህሉን እንደገደለ ተገምቷል፤ የወባ ማጥፊያ ድርጅትም በ1959 የተቋቋመው በዚህ ምክንያት ነው።

በዚህ ላይ አንድ እንቈቅልሽ ነበር። ወባ በሚበዛበት አገር ልጅ ሲያድግ መከላከያ ያገኛል፤ ጣፊያውም ይመለሳል። ነገር ግን ከአዋቂዎቹ መካከል ጥቂቶች ጣፊያቸው እየተመለሰ በመሄድ ፈንታ እያደገ እምብርታቸውን ያልፋል። ደማቸው ሲመረመር የወባ ጥገኛ ብዙ ጊዜ አይገኝበትም። ታዲያ ምንድን ነው? በ1960ዎቹ በኡጋንዳና በኒው ጊኒ የተሠሩ ጥናቶች መልሱን አቀረቡ። የነዚህ ሰዎች የመከላከያ ኃይል ተመላልሶ ለሚመጣው ወባ ከልክ በላይ ይመልሳል። አይ.ጂ.ኤም የሚባለውን የደም መከላከያ እጅግ አብዝቶ ይሠራል፤ ጣፊያም ከዚህ የሚወለደውን ጥርቅም ሲያጣራ ያብጣል። በሽታው መጀመሪያ «የሞቃት አገር የጣፊያ እብጠት» ተባለ፤ በኋላ ስሙ ተለውጦ ከወባ የሚመጣ የመከላከያ ኃይል መብዛት መሆኑን የሚገልጽ ሆነ። ክፉ እጢ አይደለም። ቢላዋም አያስፈልገውም፤ እንዲያውም ጣፊያው የወጣለት ሰው ለወባና ለሌላ ተላላፊ በሽታ የተጋለጠ ይሆናል። የሚድነው የወባ መከላከያ መድኃኒት ለብዙ ወራት ሳያቋርጥ በመውሰድ ነው፤ ጣፊያውም ቀስ በቀስ ይመለሳል።

እንግዲህ የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነው፤ ሆድ ውስጥ የተጋገረው ነገር ባዕድ ሳይሆን የራስ መከላከያ ኃይል ሥራ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ምሳሌ ከዚህ ይከፋል፤ የሚተወው ጠባሳ ነውና።

የቢልሃርዝያ ታሪክ የሚጀምረው በዓባይ ማዶ ነው። ጀርመናዊው ቴዎዶር ቢልሃርዝ በ1851 በካይሮ የሬሳ ምርመራ ሲያደርግ በደም ሥር ውስጥ የሚኖሩ ትሎች አገኘ። ትሉ ከሰው ወደ ሰው እንዴት እንደሚሻገር ግን ከስድሳ ዓመት በላይ አልታወቀም። በ1915 ሮበርት ሌይፐር የሚባል እንግሊዛዊ እዚያው ግብጽ ውስጥ ነገሩን ፈታው። የትሉ እንቁላል በሰው ዓይነ ምድር ወደ ውሃ ይገባል፤ ከእንቁላሉ የሚወጣው እጭ በውሃ ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ይራባል፤ ከቀንድ አውጣውም ወጥቶ በውሃው ውስጥ የቆመውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። በጐንደር ዙሪያ ያለው የአንጀት ቢልሃርዝያ ነው። ጥንዶቹ ትሎች በአንጀት ዙሪያ ባሉ ደም ሥሮች ውስጥ ለዓመታት ተቃቅፈው ይኖራሉ፤ ሴቲቱ በየቀኑ በመቶ የሚቈጠሩ እንቁላሎች ትጥላለች። ከእንቁላሎቹ ብዙዎቹ ከሰውነት ይወጣሉ፤ ያልወጡት በደም ተወስደው ጉበት ውስጥ ይቀረቀራሉ።

ከዚያ በኋላ የሚሆነውን በ1904 ያየው በካይሮ የሕክምና ትምህርት ቤት የነበረው ሲመርስ ነው። በቢልሃርዝያ የሞተውን ሰው ጉበት ሲቈርጠው በውስጡ ነጫጭ፣ ወፋፍራም የጠባሳ ቧንቧዎች ተሰራጭተው አገኘ፤ የነጭ ሸክላ ፒፓ አገዳ ጉበቱ ውስጥ የተሰካ ይመስላል ብሎ ጻፈ። ፒፓውን የማያውቅ አንባቢ የሴት አያቱን የጋያ አገዳ ያስብ። ወደ ጉበት የሚገባው የደም ሥር በጠባሳ ሲታነቅ ደሙ ወደ ኋላ ይመለሳል። ጣፊያ በደም ሞልቶ ያብጣል፤ ሆድ ውሃ ይቋጥራል፤ የጉሮሮው ቱቦ ደም ሥሮች ተወጥረው አንድ ቀን ይፈነዳሉ። አጎታችን ደም ያስታወኩት በዚህ ምክንያት ነበር። በግራ ጎናቸው የጠጠረው ነገር ጣፊያ መሆኑን የተኳሹ ሽማግሌ ከክሊኒኩ ይልቅ አውቆት ነበር።

ነገር ግን ጠባሳውን የሚሠራው ማን ነው? ትሉ ነው ወይስ ሰውየው? ይህን ጥያቄ የመለሰው አሜሪካዊው ኬኔት ዋረንና ጓደኞቹ በ1967 ባወጡት ጥናት ነው። የትሉን እንቁላሎች ወደ አይጦች ሳንባ አስገብተው ተመለከቱ፤ በእያንዳንዱ እንቁላል ዙሪያ የሰውነት ተከላካዮች ተሰብስበው እንደ ቅጥር ይከቡታል። ቀድሞ እንቁላሉን ያወቀ አይጥ ቅጥሩን ፈጥኖና አግዝፎ ይሠራል፤ የመከላከያ ኃይሉ የተዳከመ አይጥ ግን ትንሽ ብቻ ይሠራል። ስለዚህ እንቁላሉ የሞተ ያህል ቢሆንም፣ ጉበትን የሚያንቀው ሰውነት ራሱ በእንቁላሉ ላይ የሚገነባው ግንብ ነው። ግንቡ ሲደርቅ ጠባሳ ይሆናል። አንድ ወንዝ ከሚሻገሩ ብዙ ሰዎች መካከል ጥቂቶች ብቻ በዚህ ደረጃ የሚታመሙበትም ምክንያት በከፊል ከዚሁ የሚመጣ ነው። በ1999 በጎረቤታችን በሱዳን፣ በገዚራ አካባቢ የተሠራ ጥናት ከባዱ ጠባሳ በቤተሰብ የሚወረስ ዝንባሌ እንዳለው አሳይቷል፤ ዝንባሌውም ከመከላከያ ኃይል መልእክት ጋር የተያያዘ ዘር አጠገብ መሆኑ ተመልክቷል።

የመድኃኒቱም ታሪክ በሱዳን በኩል ያልፋል። በ1918 ክሪስቶፈርሰን የሚባል ሐኪም በካርቱም የአንቲሞን ጨው በደም ሥር እየሰጠ ትሉን መግደል እንደሚቻል አሳወቀ። መድኃኒቱ ለብዙ ዓመታት ብቸኛ ተስፋ ሆኖ ቆየ፤ ነገር ግን ልብን የሚጎዳ፣ ብዙ መርፌ የሚጠይቅ ከባድ መድኃኒት ነበር። በ1970ዎቹ የተገኘው ፕራዚኳንቴል ግን በአፍ የሚዋጥ ነው፤ በአንድ ቀን ትሉን ይገድላል። ትሉን ይገድላል እንላለን እንጂ የቆየውን ጠባሳ ፈጥኖ ያጠፋል አንልም።

አጎታችን ሐኪሙ ይህን ሲያስረዷቸው አጠገባቸው ነበርን። «ትሉ ከሞተ ታዲያ የቀረው ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ። ሐኪሙ «ጠባሳው» አሏቸው። አጎታችን ጋቢያቸውን ገልጠው ከሰባቱ የትኩስ ምልክቶች በአንዱ ላይ ጣታቸውን አኖሩ፤ «እንደዚህ?» አሉ። ሐኪሙም «እንደዚህ፤ ነገር ግን በውስጥ» ብለው መለሱ። ከብዙ ገጽ መጽሐፍ ይልቅ በዚህ አነጋገር የተረዳነው ይበልጣል።

በዚህ ቦታ ስለ ውሃው ጥቂት ሳንል ማለፍ አንችልም። የጐንደር ወንዞች ቀሃና አንገረብ ወደ መገጭ ይገባሉ፤ መገጭም ደንቢያን አቋርጦ ጣና ይገባል። በሚሲዮን ትምህርት ቤት አዳሪ ሳለን ቅዳሜ ቅዳሜ ልብሳችንን ይዘን ወንዝ እንወርድ ነበር። እኛ በሳሙና ስናጥብ፣ ከእኛ በላይ ያሉ አሮጊቶች የእንዶድ ፍሬ ወቅጠው ነጠላቸውን ያነጡ ነበር። አረፋው በእኛ በኩል ሲያልፍ ልብሳችንን ያበላሻል ብለን እናጉረመርም ነበር። ያ አረፋ ምን እንደሆነ የተማርነው በኋላ ነው። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ ከተማ ወንዝ ዳር ስለ ቢልሃርዝያ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተከማችተው አገኙ። ከዚያ ከፍ ብሎ ያሉት ግን ሕያው ነበሩ። ከዚህ አንድ ምልከታ ተነሥቶ የብዙ ዓመት ሥራ ተወለደ። በ1966 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ተቋቋመ፤ ዛሬ በእሳቸው ስም የሚጠራው ነው። በአድዋ ለአምስት ዓመት በእንዶድ ውሃውን የማከም ሙከራ ሲደረግ፣ ከአንድ እስከ ስድስት ዓመት ባሉት ሕፃናት በሽታው ከ50 ከመቶ ወደ 7 ከመቶ ወረደ። አቶ ለገሠ ወልደ ዮሐንስም ከብዙ የእንዶድ ዓይነቶች መካከል ኃይለኛውን ለመምረጥ ደከሙ። ሁለቱ በ1989 በስዊድን የሚሰጠውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት በአንድነት ተቀበሉ።

የእንዶድ ነገር ግን ያሳዝናል። ፍሬው በእያንዳንዱ አጥር ላይ የሚበቅል፣ እናቶቻችን ለዘመናት የያዙት ነው፤ ቢሆንም መርዛማ አለመሆኑ በሀብታም አገሮች ላቦራቶሪ ደንብ ካልተመሰከረ በወንዝ ላይ ለመጠቀም የውጭ ርዳታ የሚሰጥ አልተገኘም። ዶክተር አክሊሉ በአፍሪካ ምድር የተሠራ ሳይንስ ስለማይታመንበት ሁኔታ እስከ ዕለተ ሞታቸው በ1997 ድረስ በግልጽ ይናገሩ ነበር። በእኛ አስተያየት ቅሬታቸው ትክክል ነው። ጥንቃቄ እንደሚያስፈልግ አንክድም፤ ነገር ግን ምስክርነቱ በተጠበቀባቸው ዓመታት ሁሉ በሳንጃ፣ በዛሪማና በጎርጎራ ያሉ ልጆች ወንዙንና ሐይቁን መግባታቸውን አላቋረጡም። ከ2015 ጀምሮ በትምህርት ቤቶች ፕራዚኳንቴል በዘመቻ መሰጠቱ መልካም ነው፤ ይሁንና ልጁ ክኒኑን ውጦ በዚያው ቀን ወደዚያው ውሃ ይመለሳል።

የሦስተኛውን እብጠት ታሪክ አሳጥረን እንነግራለን፤ አዲስ ነገር ስለሆነ ብዙ አንባቢ ያስታውሰዋል። ካላዛር በመተማና በሑመራ ቈላ የታወቀ በሽታ ነው፤ በአሸዋ ዝንብ ይተላለፋል፤ ሰውነትን እያከሳ ጣፊያን ያሳብጣል። ደጋው ግን ከዚህ ነጻ ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር። በ2004ና በ2005 ከጣና በስተምሥራቅ በሊቦ ከምከምና በፎገራ ሰዎች በትኩሳትና በጣፊያ እብጠት ሲሞቱ፣ መድኃኒት የማይበግረው ወባ ነው ተባለ። የወባ መድኃኒት ተሰጠ፤ ሰዎቹም ሞቱ። በ2005 ካላዛር መሆኑ ሲረጋገጥ ለመከር ሥራ ቈላ ወርደው የተመለሱ ወጣቶች ሳያመጡት እንዳልቀረ ተገመተ፤ በአዲስ ዘመን ጤና ጣቢያም ሕክምና ተከፈተ። በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥ ከሁለት ሺህ የሚበልጡ በሽተኞች ታከሙ። የሚታከሙበትም መድኃኒት የአንቲሞን ወገን መሆኑ ያስገርማል፤ ክሪስቶፈርሰን በካርቱም ለሌላ በሽታ የሰጠው ብረት በሌላ መልክ ተመልሶ መጣ። እጅ ከዳሰሰው ጣፊያ አንድ ነው፤ ስሙን የተሳሳተ ግን ሰው ገደለ።

እስካሁን የተናገርነው በጐንደር ስለበዙት ነው። አልፎ አልፎ ግን ወባም፣ ቢልሃርዝያም፣ ካላዛርም ያልሆነ የጠጠረ ነገር ከሆድ ውስጥ ይወጣል፤ ሐኪሞችም የሚቸገሩት በዚህ ነው። ከጅማትና ከሥጋ መጋጠሚያ የሚነሣው ገር እጢ አንዱ ነው። ጀርመናዊው ዮሐንስ ሙለር በ1838 «ደስሞይድ» ብሎ ሰየመው፤ በግሪክኛ ጅማት ማለት ነው። ይህ እጢ እንደ ነቀርሳ ወደ ሩቅ አካል አይዘምትም፤ ነገር ግን ባለበት ቦታ አጠገቡ ያለውን ሁሉ እየገፋና እያነቀ ይሄዳል፤ ቆርጠው ቢያወጡትም ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ስለዚህ «ገር» ያልነው በጠባዩ እንጂ ሁልጊዜ በሚያደርሰው ጉዳት አይደለም።

ሌላው ከሆድ ዕቃ በስተኋላ፣ በትልቁ ደም ሥር ዙሪያ የሚጋገር ጠባሳ ነው። ፈረንሳዊው አልባራን በ1905 ቢያየውም የዓለም ሐኪሞች ልብ ያሉት አሜሪካዊው ጆን ኦርመንድ በ1948 ሁለት በሽተኞችን ከገለጸ በኋላ ነው። ጠባሳው ከኩላሊት ሽንት የሚወርድባቸውን ቧንቧዎች ያንቃል፤ ሰውየው ወገቡን ያመዋል፣ ሽንቱ ይቀንሳል፣ ኩላሊቱ ይደክማል። በምስል ሲታይ ክፉ እጢ ይመስላል። ለግማሽ መቶ ዓመት ምክንያቱ ሳይታወቅ ቆየ። የጃፓን ሐኪሞች በ2001 አንድ ዓይነት የቆሽት እብጠት ባላቸው በሽተኞች ደም ውስጥ አይ.ጂ.ጂ 4 የሚባል የመከላከያ ክፍል በዝቶ አገኙ። በ2003 ደግሞ ይህ የቆሽት በሽታ ብቻ ሳይሆን መላ ሰውነትን የሚነካ አንድ በሽታ መሆኑን አመለከቱ። ቆሽት፣ የሐሞት ቧንቧ፣ የምራቅ ዕጢ፣ ኩላሊት፣ ከሆድ በስተኋላ ያለው ሥጋ ሁሉ በዚያው መከላከያ ኃይል እያበጡ ወደ ጠባሳ ይለወጣሉ። የኦርመንድ በሽተኞች ዓይነት ጠባሳም በከፊሉ ከዚሁ ቤተሰብ መሆኑ ታወቀ። ጉዳዩ ከዋረን አይጦች የራቀ አይደለም፤ በዚያ ግንቡ የተሠራው በእንቁላል ዙሪያ ነበር፤ በዚህ ግን በመሐል እንቁላል የለም፤ ግንቡ ብቻውን ቆሟል።

በዚህ በሽታ የተያዘ ሰው ቀደም ባለው ዘመን ነቀርሳ ነው ተብሎ ሆዱ ይከፈት፣ ቆሽቱም ተቈርጦ ይወጣ ነበር። ዛሬ ከእጢው ትንሽ ቁራጭ ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ከታየና እውነቱ ከታወቀ ብዙዎቹ የኮርቲዞን ወገን በሆነ መድኃኒት በሳምንታት ውስጥ ይሻላቸዋል።

የጐንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1978 የሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ ሆኖ፣ በምሥራቅ ጀርመን በላይፕሲግ ከነበረው የካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ ሐኪም ማሠልጠን ከጀመረ ወዲህ፣ የሥጋ ቁራጭ መርምሮ የመለየት ዕውቀት ከከተማዋ አልራቀም። እዚህ ላይ ግን ከጃፓንም ከአሜሪካም የተለየ የራሳችን ችግር አለ። የሆድ ዕቃን የሚይዘው የሳንባ ነቀርሳ በእኛ አገር ብዙ ነው፤ እሱም ይጠጥራል፣ እሱም ውሃ ይቋጥራል፣ እሱም በማይክሮስኮፕ ሥር ቅጥር የመሰለ እብጠት ያሳያል። የሳንባ ነቀርሳ ያለበት ሰው ኮርቲዞን ብቻውን ቢሰጠው በሽታው ይነድበታል። ስለዚህ በምዕራብ አገር በጥቂት ቀን የሚጀመረው መድኃኒት፣ ከአርማጭሆ ለመጣው ገበሬ የሥጋው ቁራጭ ታይቶ፣ የሳንባ ነቀርሳ አለመኖሩ በየመንገዱ ተጣርቶ ነው የሚታዘዝለት። አብሮት የመጣው ዘመድ ግን ይህ ሁሉ ጊዜ ለምን እንደሚወስድ የሚነግረው ሰው ይፈልጋል፤ በፒያሳ የተከራየው አልጋ የየቀኑ ሂሳብ ይቈጠርበታልና።